በአራት ከተማ የተበተነው የመስኮቡ ቤት

ልጄ ዮሐንስ የሕንፃ ሥራ ሊማር ሌኒንግራድ ከሄደ አምስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ክረምት የላከልኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል።

«እማዬ፣ የመጨረሻው ጥናቴ ስለ ጥንት መስኮቦች የቤት ውስጥ አያያዝ ነው፤ ስለ ምድጃቸው፣ ስለ ሣጥናቸው፣ ስለ መስኮት ቅርጻቸው፣ ሥዕል ስለሚሰቅሉበት ማዕዘን። መምህሬ አገርህ ውስጥ አንድ መስኮብ እንደ አገሩ የሠራው ቤት ካለ እሱን አጥናልኝ ብሎኛል። በልጅነቴ አባባ ጋ ለክረምት ስሄድ ሆሳዕና ያየሁት የሙሴ ፓቬል ቤት ትዝ አለኝ። ዕቃው ተሸጦ የት የት እንደ ሄደ አባባ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ሣጥኑ አዲሎ፣ የሥዕሉ መደርደሪያ ዱራሜ፣ መስኮቶቹ አንጋጫ። ማዕዘኑ ላይ አንድ ጨርቅም ይንጠለጠል ነበር፤ ምን እንደሚመስል ግን አላስታውስም። ቅርጹን አንሥተሽ፣ ቤቱ እንዴት እንደ ተበተነም ጽፈሽ እስከ ታኅሣሥ ብታደርሺልኝ በሰኔ ተመርቄ እገባለሁ። ካልደረሰ አንድ ዓመት ይጨመርብኛል።»

ሙሴ ፓቬል በአገሩ አብዮት ሲነሣ ተሰዶ የመጣ የመሬት ቀያሽ ነበር። ባለቤቴ አቶ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የእርሱ የመለኪያ ሰንሰለት ጎታች ሆኖ ሆሳዕና ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። እኔ አዲስ አበባ ልጄን እያሳደግሁ የካህናት ልብስ እጠልፍ ስለ ነበር ቤቱን አይቼው አላውቅም። ባለቤቴ የነገረኝ፣ ሙሴ ሊሞት ሲል «ዕቃዬን ሽጠህ ለነፍሴ አውለው» እንዳለው ነው። እኔም አምኜ ኖርሁ።

ሥዕል መሣል አላውቅም። የጥልፍ ሙያ ግን ሌላ ሰው የሠራውን ቅርጽ ሳያበላሹ መገልበጥ ያስተምራል። ስስ ወረቀት፣ ከሰል፣ መርፌና ሜትር ያዝሁ። ዳዊቴን ባለቤቴ ከግሪክ ሱቅ ገዛሁልሽ ብሎ ባመጣልኝ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጨመርሁ። ጨርቁ በሁለቱም ጫፍ በቀይ ክር የተጠለፉ ፊት ለፊት የሚተያዩ ወፎች አሉበት። ደስ ስለሚሉኝ ለደብራችን ቄስ ካባ ሳይቀር ገልብጫቸዋለሁ።

ሰኞ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሻሸመኔ

ወሩ ጥቅምት ነበር። የቡታጅራው መንገድ ጭቃው አልጠነከረም ስላሉኝ በሞጆ ዞርሁ። የአውቶቡሱ ዋጋ አራት ብር ከሃምሳ። ዝዋይ ላይ ቆመን የተጠበሰ ዓሣ በሃምሳ ሳንቲም በላሁ። ሻሸመኔ ያደርሁበት ቤት አልጋው አንድ ብር ነው፤ ቁንጫው በነፃ። ያም ሆኖ በደኅና ነጋ፤ ተመስገን።

ማክሰኞ፤ አዲሎ

ቁሊቶን አልፈን የብላቴን ወንዝ ተሻገርን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሴቶች ግድግዳቸውን በቀለም ያስዋቧቸውን ቤቶች አየሁ፤ ቤቱን ማሳመር የማይወድ ሕዝብ የለም።

አዲሎ ላይ ወይዘሮ ሽታዬ የሚባሉ የቅመም ነጋዴ ጠይቄ አገኘሁ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ።

«ሣጥኑን ነው? ግቢ እትዬ፣ ግቢ! ይህ እኮ ሣጥን አይደለም፤ ዘበኛ ነው።»

ቁልፉን ሲያዞሩት ከውስጥ እንደ ጸናጽል ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ሰማሽ? ሲከፈት ይጮኻል። ባሌ ለጠጅ ብሎ እጁን ሲሰድ ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ‘ይህን መስኮብ ካላወጣሽ እኔ እወጣለሁ’ ብሎኝ ነበር። ይኸው ሁለቱም አሉ!»

ሣጥኑ በስስ ብረት መስቀለኛ የታሰረ ነው። በብረቶቹ መካከል ቀይ መደብ ላይ አበባና ፖም ተሥሏል። ክዳኑ በውስጥ በኩል ሦስት ፈረሶች በበረዶ ላይ ጋሪ ሲጎትቱ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ እስከ አፉ በርበሬ ሞልቶታል። ወረቀቴን አስደግፌ በከሰል ሳሽ አንዴ ማስነጠስ ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። ወይዘሮ ሽታዬ «ይማርሽ» ማለት ሰልችቷቸው ተዉት።

«የአቶ ተሰማ ባለቤት ነኝ» አልኋቸው በመጨረሻ።

«እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነበር! ሱቄን በእርምጃ ለክቶ ‘እዚህ ጋ ይቀመጥ’ ብሎ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው። ‘ባለቤቱ ሞቷል፣ ለነፍሱ ነው’ ሲለኝ ጊዜ ከዋጋው ሌላ ሁለት ሻማ ጨመርሁለት።»

እውነት ነው፤ ባለቤቴ ቤት ገብቶ ሳይቀር በእርምጃ ይለካ ነበር። ኮራሁ። የመስኮቡን ነፍስ አስቤ ሌሊቱን ጸሎት አደረስሁ።

ረቡዕ፤ ዱራሜ

በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ብር ከፍዬ ሄድሁ። የሐምበሪቾ ተራራ ጫፉን ጉም ጠቅልሎት ነበር። ከመንገዱ በላይም በታችም እንሰት ነው።

የሥዕሉን መደርደሪያ የገዙት መምህር ጴጥሮስ የሚባሉ የወንጌላውያን ምእመን ናቸው። መደርደሪያው ለማዕዘን እንዲገጥም ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከንፈሩ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል። በግራና በቀኝ ለጨርቅ ማንጠልጠያ የሚሆን ትንሽ ትንሽ የእንጨት ችንካር አለው። አሁን መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመዝሙር መጽሐፍና አንድ ካርቶን ጠመኔ ተቀምጦበታል።

«ጨርቅ አብሮ አልመጣም?» አልሁ።

«አልመጣም» አሉ።

ዓይኔ ባዶው ቦታ ላይ ቀረ። ከአፌ የወጣው አሁንም ያሳፍረኛል። «ሥዕሉንስ አቃጠላችሁት?»

የመምህሩ ባለቤት የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። መምህሩ ግን አልተቆጡም።

«እናቴ፣ እኛ ለሥዕል አንሰግድም። የሰው ንብረትም አናቃጥልም።»

ወንበር ላይ ቆመው ከቆጡ በጆንያና በደረቀ ኮባ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ነበር። ቀለሙ አንድም ቦታ አልተነሣም። ተሳለምሁና አለቀስሁ። እነርሱ ፊታቸውን ዞር አደረጉልኝ።

«መደርደሪያውን ስገዛ ሥዕሉም አብሮ መጣ» አሉ መምህሩ። «‘ይህን ይውሰዱ፣ ለእኔ አይሆንም’ ብላቸው አቶ ተሰማ፣ ‘አይታይ፤ ሰው ቢጠይቅህም ከእኔ ገዛሁ አትበል’ አሉኝ። ነገሩ ስላልገባኝ አንድ ቀን ባለቤቱ ይመጣል ብዬ አቆየሁት።»

«ባለቤቱ እኮ ሞቷል።»

«እሳቸውም እንደዚያ ነው ያሉኝ።» ይህን ሲሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

ቆጮ በጎመን ቀረበ። የመምህሩ ባለቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቅቤ አልነካውም፤ ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ» አለችኝ። ይህን ያለችኝ እንዲያ ከተናገርኋቸው በኋላ ነው። በላሁ።

ስወጣ መምህሩ ሥዕሉን እጄ ላይ አኖሩት። «ይውሰዱት እናቴ። እስከ ዛሬ እኔ ተሸክሜዋለሁ።»

ሐሙስ፤ አንጋጫ

በላንድሮቨር ዘጠኝ ሰው ተጭነን ወጣን። አንጋጫ ብርድ ነው፤ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። የመስኮቶቹን ጉዳይ ስጠይቅ ያገኘሁት ሰው ሁሉ እየሳቀ አንድ ቤት ያመለክተኛል። ደርሼ ሳይ እኔም ሳቅሁ። የመስኮቱ ክፈፍ አናቱ ላይ ሊወጣ የሚገባው የፀሐይ ቅርጽ ከታች፣ ከመሬት በኩል ተሰክቷል።

ባለቤቱ ሽማግሌ አልተቀየሙኝም። «አናጢው ‘ይህ አናቱ ላይ ከሆነ ዝናብ ይቋጥራል’ አለን። ሰው ‘ፀሐይ ቤታችሁ ወደቀች’ እያለ ሳቀብን። አሁን ግን ሦስት ጎረቤቶቼ ይህንኑ አስቀርጸዋል፤ ልክ እንደዚሁ ተገልብጦ። ማን ነው የሳቀው?»

አራቱንም ክፈፍ በከሰል አነሣሁ። ጭኔ ላይ ወረቀቱን ስገለብጠው ፀሐይዋ ወጣች፤ ከግራና ከቀኝዋ ከወገባቸው በታች ዓሣ የሆኑ ሴቶች አሉ። ልጄ ቢያይ እንዴት ደስ ይለው ነበር አልሁ። ግን የመምህሩ ቃል ከልቤ አልወጣም። «አይታይ» ማለት ምን ማለት ነው? ለነፍስ የሚሸጥ ነገር ይደበቃል?

ዓርብ፤ ሆሳዕና

ሽማግሌዎች አሁንም በድሮ ስሟ ዋቸሞ ይሏታል። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ጓዜን አስቀምጬ፣ ከገበያው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ።

ቤቱ አለ። ግድግዳው ተጠርቦ የተደራረበ የጽድ ግንድ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ግንድ ከግንድ እንደ ጣት ተቆላልፏል፤ ምስማር የለበትም። መስኮቶቹ የነበሩበት በጣውላ ተደፍኗል። አሁን የእህል ነጋዴ መጋዘን ነው። የሚጠብቁት አባባ ላምቤቦ የሚባሉ የሀዲያ ሽማግሌ፣ በመስኮቡም ጊዜ የቤቱ ዘበኛ ነበሩ።

«የአቶ ተሰማ ባለቤት ነኝ» አልሁ። እስከዚያ ድረስ ይህ ቃል በር ሁሉ ይከፍትልኝ ነበር።

ሽማግሌው እጄ ላይ ያለውን ሜትር አዩ። «የሰንሰለቱ ተሰማ?»

«አዎን አባባ።»

«ግቢ። ለኪ። ለመለካት ነው የመጣሽው።»

ለካሁ። ምድጃው የክፍሉን ሲሶ ይዟል፤ ፊቱ ነጭ ሸክላ ነው፤ በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ በሰማያዊ መርከብ፣ ወፍ ወይም ዛፍ ተሥሏል። ከላዩ እንደ አልጋ ሰፊ ነው።

«ሙሴ በብርድ ላዩ ላይ ይተኛል» አሉ አባባ ላምቤቦ። «ሰው እየመጣ ያያል። ‘ፈረንጁ ራሱን ሊጠብስ ነው’ ይላል።» ትንሽ ፈገግ አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን ከመፍታቴ በፊት ልጸልይ ዳዊቴን ከጨርቁ አወጣሁ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ይህን ከየት አመጣሽ?»

«ባለቤቴ ከግሪክ ሱቅ ገዝቶልኝ ነው።»

ጨርቁን ከእጄ ወሰዱ። በምሥራቅ በኩል ወዳለው ማዕዘን ሄደው ከፍ አድርገው ዘረጉት። ግንዱ ከዓመታት የምድጃና የሻማ ጢስ ጠቁሯል። በአንድ ቦታ ግን ሳይጠቁር የቀረ፣ መካከሉ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ ሁለት ጫፉ ወደ ታች የወረደ መልክ አለ። ጨርቁ ያንን መልክ ሞላው። አንድ ጣት አልተረፈም፣ አንድ ጣት አልጎደለም። ሜትሬ እጄ ላይ ነበር፤ አላስፈለገም።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። ቁጭ አልሁ።

«ሙሴ ታመመ። ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱት መኪና መጣ። እዚህ በር ላይ ቁልፉን ለተሰማ ሰጠ። እኔን ምስክር አደረገ። ‘አደራ፤ እህቴ ትመጣለች’ አለ። እያለቀሰ ሄደ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሣጥኑ ወጣ። መስኮቱ ተነቀለ። ተሰማ፣ ‘ሙሴ ሞቷል፣ ሽጥ ብሎኛል’ አለ።»

«አልሞተም ነበር?»

«በዓመቱ ነው የሞተ። እህቱ መጣች። ቤቱ ባዶ። ‘ዕቃው የት ነው?’ አለች። ተሰማ፣ ‘ዘበኛው ሰረቀ’ አላት።»

ሜትሬን ጠቅልዬ መሬት ላይ አኖርሁት።

«እኔ ያኔ አማርኛ አላውቅም። ፖሊስ ፊት በሀድይኛ ተናገርሁ፤ አደራውን፣ ቁልፉን፣ ሁሉን ተናገርሁ። የሚያስተረጉም ማን ነው? ተሰማ። ከእኛ ጋር ኖሮ ቋንቋችንን ያውቃል። እኔ ብዙ እናገራለሁ፤ እሱ ትንሽ ይናገራል። ስምንት ወር ታሰርሁ።» ጨርቁን አጥፈው ጉልበቴ ላይ አኖሩት። «ልጄ ትምህርት ቤት ነበር። ተወ። እርሻውን ማን ይረስ? ተሰማ ሁልጊዜ ‘ልጄን አስተምራለሁ፣ ልጄን አስተምራለሁ’ ይል ነበር። ተማረ?»

«ተምሯል አባባ። አሁንም ይማራል።»

«ደግ» አሉ።

ምን እንደሚማር አልነገርኋቸውም። በዚያው ዓመት ልጄ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባበት ክፍያ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ የመንግሥት ጉርሻ አገኘሁ ብሎኝ ነበር፤ እኔም ለንጉሠ ነገሥቱ ዕድሜ ጸልያለሁ፤ ለእግዚአብሔርም ስእለት አግብቻለሁ።

«ምን ላድርግልዎ?» አልሁ።

«ገንዘብ አለሽ?»

«መሳፈሪያ ብቻ ነው ያለኝ።»

ሳቁ። «እንግዲያው ነገ ቤቴ ነይ። ልጆቼ አሉ፣ ጎረቤት አለ። የነገርሁሽን አንቺ ንገሪ። በአማርኛ ንገሪ። አሁን ልጄ ያስተረጉማል።»

ልሄድ ስነሣ ከጣሪያው ሥር ከተሰካ የሸንበቆ ቀፎ አንድ ወረቀት አወጡ። የመስኮቡ እህት አድራሻ ነው። ከመሄዷ በፊት እስር ቤት መጥታ በአጥር ሰጥታቸው ነበር። «አምናኝ ይሁን፣ ዕቃውን መልስ ማለቷ ይሁን፣ አላውቅም» አሉ። ማንበብ የማይችሉትን ወረቀት ያን ያህል ዘመን ከዝናብና ከአይጥ ጠብቀውታል። ቤት የተሰጠው ባለቤቴ ግን ሦስት ወር አልጠበቀም።

ቅዳሜ፤ በአባባ ላምቤቦ ቤት

ቤታቸው ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሃያ የሚሆን ሰው እንሰቱ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ። ልጃቸው እጁ ላይ የእርሻ አፈር እንዳለ አጠገቤ ቆመ።

በመንገድ ላይ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ቆሜ ያልሁት ግን ይህን ብቻ ነው። «አባታችሁ አልሰረቁም። የሰረቀው የእኔ ባል ነው። ዋሽቶ አሳሰራቸው።»

ልጁ ወዲያው አላስተረጎመም። አባቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። እኔ ካልሁት አልረዘመም፣ አላጠረምም።

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አላለቀሰም። አንዲት አሮጊት የሆነ ነገር አለች። ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «‘ባሏ ከሞተ በኋላ መናገር ቀላል ነው’ ትላለች» አለኝ። እውነቷን ነው። ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ። የአባባ ላምቤቦ ሚስት ግን ከጓዳ አልወጣችም። ስሰናበት ጀርባዋን ብቻ አየሁ። አልፈርድባትም፤ ስምንት ወር ስንቅ ያመላለሰችው እሷ ናት።

ሰኞ፤ ወደ ቤት

እሑድን ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ደረስሁ። የቡታጅራው መንገድ ደርቆ ተከፍቷል። ሥዕሉን ታቅፌ ሄድሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «እመቤቴ ታግዝሽ፣ ከስእለት ነው?» አለችኝ። «ከአደራ ነው» አልኋት።

በሚቀጥለው እሑድ የደብራችን ቄስ ካባቸውን ለብሰው ወጡ። ቀያዮቹ ወፎች ትከሻቸው ላይ ይተያያሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ወፎቹን ራሴ በመርፌ ፈታሁ፤ ለመጥለፍ ሁለት ወር የፈጀው በአንድ ቀን አለቀ።

ሥዕሉንና ጨርቁን በፖስታ ወደ አድራሻው ላክሁ። እስካሁን መልስ የለም። ለልጄም በከሰል ያነሣሁትን ሁሉ ላክሁ፤ ሣጥኑን፣ መደርደሪያውን፣ ፀሐዮቹን፣ የምድጃውን ሸክላ፣ ጢሱ የተወውን መልክ። «ቤቱ እንዴት ተበተነ» የሚለው ገጽ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። «ባለቤቱ ሲሞት ተሸጠ» ብዬ ብጽፍ ልጄ በሰኔ ይገባ ነበር። ማንም አይጠይቅም። እንደ ሆነው ጻፍሁት፤ የአባቱንም ስም ጻፍሁ።

መልሱ በየካቲት መጣ። «እማዬ፣ ሁሉም ደርሶኛል። ያ ገጽ ከሌለ ሥራው ጎደሎ ነው፤ ካስገባሁት ደግሞ የአባቴን ስም በመምህራን ፊት ቆሜ ማንበብ አለብኝ። ገና አልቻልሁም። ጊዜ ስጡኝ ብያለሁ። ዘንድሮ አልመጣም።»

«እስክትችል ቆይ» ብዬ ጻፍሁለት።

ይህን ማስታወሻ ለአንባቢ ያወጣሁት ስለ አባባ ላምቤቦ ነው። የታሰሩት በአደባባይ ነው፤ ከእንሰት ሥር የተነገረው ነገር ለእርሳቸው አይበቃም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተመስገን ስል ኖሬያለሁ፤ ያመሰገንሁበት ነገር የማን እንደ ነበር አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አሁንም ተመስገን እላለሁ። ዳዊቴ ግን ያለ መጠቅለያ ነው፤ ስይዘው ሽፋኑ ይቀዘቅዘኛል።